የጉማሬው ተራ

ነገሩን ሁሉ ያመጣው አንድ ጉማሬ ነው። ጉማሬው ደግሞ የወረቀት ነው። ሆዱ የተዘረጠጠ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው የሚያሾልቅ፣ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ የተሳለ ግራጫ ጉማሬ። የወረቀት ጉማሬ አንድ ትምህርት ቤት አመሰ ቢባል ማንም አያምንም። ግን አመሰ፣ ያውም ከተኛበት ሳይነቃነቅ።

እስቲ መጀመሪያ ቲቸርን እናምጣት። ቲቸር የምንላት ልጆቹ እንደዚያ ስለሚሏት ነው እንጂ ዩኒፎርሟን ካወለቀች ገና ምንም አልቆየም። የመጨረሻውን ፈተና ተፈትና ቤት ስትውል እናቷ ዝም ብላ አላየቻትም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ስልኳ ላይ አፍጥጣ ባየቻት ቁጥር አንድ ክምር ልብስ ጭኗ ላይ ጣል ታደርግላታለች።

"ከምትንጋለይ ይሄን ተርትሪ።"

ስፌት መተርተር ማለት ሰው ወፍሮ የጠበበውን፣ ወይ ሌላ ሰፊ አበላሽቶ የሰፋውን ልብስ ክሩን አንድ በአንድ በምላጭ ጫፍ እየነቀሉ መፍታት ነው። ቲቸር በዚህ ዓለም ላይ ካለ ሥራ ሁሉ እሱን ትጠላለች። ክሩ አፍንጫዋ ውስጥ ይገባል፣ ፀጉሯ ላይ ይጣበቃል። ማታ ተኝታ ሳይቀር ጣቷ ብርድ ልብሱን ይተረትራል። የሚያሳዝነው ደግሞ እናቷ ነገሩን እንደ ዕጣ ፈንታ ነው የምታወራው። "የኔ ልጅ እጇ ለመተርተር ነው የተፈጠረው" ትላለች ለደንበኞቿ፣ ሙገሳ መስሏት።

ታዲያ አንድ ቀን አጎቷ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። አጎቷ የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቡናማ ሱፉን ከነክራባቱ በፀሐይም በዝናብም የማያወልቅ፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። ያን ቀን ፊቱ ጭፍግግ ብሏል። ከትምህርት ቢሮ አዲስ ትእዛዝ መጥቶበታል፤ አንደኛ ክፍሎች ጥሩ ዜጋ መሆንን በሥዕል መጽሐፍ ይማሩ የሚል። ትእዛዙ መጣ፣ መጽሐፉም መጣ፣ አስተማሪ ግን ጠፋ። አንዱ ጉሮሮዬን አመመኝ አለ። ሌላው "እኔ ሒሳብ ነው የተማርኩት፣ ስለ ጥንቸል ምን አውቄ" ብሎ ሹልክ አለ።

"ሚጣዬ፣ አንቺ ተረት ትወጂ አልነበር?" አላት፣ እናቷ እግሩ ሥር ተንበርክካ ሱሪውን በመርፌ እየያዘችለት።

"ጋሼ፣ እኔ መተርተር የሌለበትን ነገር ሁሉ እወዳለሁ።"

"የቢሮዋ ሱፐርቫይዘር መጥታ እስክታይሽ ድረስ ነው እንግዲህ። ከወደደችሽ ዓመቱን ትጨርሻለሽ። ካልወደደችሽ..." አለና ወደ ልብሱ ክምር አየ።

ቲቸርም አየች። በማግስቱ ሻርፕ ለብሳ፣ ትልቅ ሰው ለመምሰል የእናቷን ቦርሳ አንጠልጥላ ትምህርት ቤት ተገኘች።

መጽሐፉ አንድ ነው። ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አንድ። አጎቷ በላስቲክ ጠቅልሎ ቢሮው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፤ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ደግሞ በገመድ አንገቱ ላይ ያስረዋል፣ ከክራባቱ ሥር። ሲያወጣላት እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ነው።

"እጅሽን ታጥበሻል?"

"ታጥቤያለሁ።"

"ከግማሽ በላይ አትክፈቺው። ጀርባው ይሰበራል።"

"ጋሼ፣ በግማሽ ከተከፈተ ልጆቹ ሥዕሉን በምን ያዩታል?"

"አንገት አላቸው አይደል።"

እውነትም አንገት ነበራቸው። ቲቸር መጽሐፉን እንደ ተገረበበ በር ገርበብ አድርጋ ስትይዘው፣ ያ ሁሉ ልጅ አንገቱን አጣሞ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ያሾልቃል። ከፊት የተቀመጡት የጉማሬውን ፊት ያያሉ። ከዳር ያሉት መቀመጫውን ብቻ። በኋላ ላይ ለተነሳው ክርክር ይሄም አስተዋጽኦ ሳይኖረው አይቀርም።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ጠባብ ድልድይ አለ። ጉማሬው መጥቶ ድልድዩ ላይ ተኛ። ጥንቸል መጣች፣ "እባክህ አሳልፈኝ" አለችው፣ ዝም። አህያ መጣ፣ ዝም። ዶሮ ከነጫጩቶቿ መጣች፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ አየና መልሶ ጨፈነው። ከዚያ እንስሶቹ ሁሉ ተሰብስበው ስብሰባ ጀመሩ። ከዚያ...

ከዚያ የለም። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል። ማን እንደገነጠላቸው አይታወቅም፤ አጎቷ "እንዲሁ ነው የመጣው" ብሎ ምሏል።

የልጆቹ ዓይን ፈጠጠባት። ቲቸር ላብ አጠመቃት። ከዚያ ድንገት የሆነ ነገር ብልጭ አለላት። እንዲያውም ዜግነት ማለት ይሄ አይደል? "መጨረሻው ምን እንደሚሆን እናንተ ትወስናላችሁ" አለቻቸው። "ሐሳብ እንሰማለን፣ ከዚያ እጅ እናወጣለን። ብዙ እጅ ያገኘው ያሸንፋል፣ የተሸነፈውም ያከብራል።"

"ገፍትረው ውኃ ውስጥ ይክተቱት" አለ አንዱ።

"ጉማሬ እኮ ቤቱ ውኃ ውስጥ ነው" አለ ጠበቃ። ጠበቃ የሚሉት ቅጽል ስሙ ነው። ማንም ይከሰስ ማን፣ ጠበቃ ከተከሳሹ ጎን ነው፤ አንዴ የራሱን ዳቦ የሰረቀውን ልጅ ሳይቀር ተከራክሮ ነፃ አውጥቶታል። "ሰውን ወደ ቤቱ መላክ ምኑ ነው ቅጣቱ?"

"ሌላ ድልድይ ይሥሩ።"

"እዚያም ሄዶ ቢተኛስ?"

ይሄኔ ወላቃ ተነሳች። የፊት ጥርሶቿ ሁሉ በአንድ ሰሞን ረግፈው ነው ወላቃ ያሏት፤ እሷ ግን ቅር አይላትም፣ ስትናገርም እጇን አጣምራ እንደ ትልቅ ሴትዮ ነው። "ሥራ ስለሌለው ነው የሚተኛው። እኛ ቤት አጎቴ ዝም ብሎ ይተኛ ነበር። ሥራ ሲያገኝ ተነሳ። ጉማሬውም እንደማንኛውም ዜጋ ተራ ይሰጠው።"

እጅ ወጣ። ወላቃ በብዙ እጅ አሸነፈች። ቲቸር ደስታዋን ዋጥ አድርጋ መጽሐፉን በላስቲክ ጠቀለለች። እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ እኮ በሰላም ታልፍ ነበር።

አላቆመችም። በዚያው ሳምንት የክፍል ጠራጊ ተረኞችን ስታወጣ፣ ልጆቹን ሁለት ሁለት እያደረገች ስታጣምድ ወላቃ ያለ አጣማጅ ቀረች።

"እኔ ከማን ጋር ነኝ?"

ቲቸር ደክሟታል፣ ደወሉም ሊደወል ነው። "አንቺ... አንቺ ከጉማሬው ጋር" አለች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋም አፏ ላይ እያለ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ከወላቃ ጎን "ጉማሬው" ብላ ጻፈች። ወላቃ ብቻ አልሳቀችም። ወረቀቱን አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ሄደች። የተጻፈ ነገር ለሷ ተጻፈ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ሕግ የማውጣት አባዜ ያዘው። አንድ ጎረምሳ ቢጤ ተራውን ሳይጠርግ ወደ ጎን ክፍል ሲዛወር፣ ተራውን ሳይጨርስ ከዚህ ክፍል የሚለቅ የለም የሚል ሕግ ወጣ፤ ልጁም እየተጎተተ ተመልሶ ጠረገ። ሌላው ደግሞ በከረሜላ ሰው አባብሎ ተራውን ሲያስጠርግ ተያዘና፣ የሰው ተራ መሥራት ክልክል ሆነ። ቲቸር በየቀኑ ደረቷ እየተነፋ ነው፤ ማታ ለእናቷ "እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን እንዳወጡ ብነግርሽ" እያለች እራት ታቀዘቅዛለች።

አንድ ቀን ታዲያ ጠበቃ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ አንቺስ? አንቺ ዜጋ አይደለሽም?"

"ነኝ እንጂ።"

"ተራሽ የታል?"

ቲቸር ሳቀችና ራሷን ከሁሉም መጨረሻ ጻፈች። ከመጨረሻው መጨረሻ። እስከዚያ ማን ያስታውሰዋል ብላ።

የወላቃ ተራ ደረሰ። ትምህርት አልቆ ልጆቹ ሲወጡ ወላቃ መጥረጊያውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፣ ጠበቀች። አጣማጇ አልመጣም። ከዚያ ጠመኔ አነሳችና ክፍሉን ከጥቁር ሰሌዳው እስከ ኋላው ግድግዳ መሐል ለመሐል በመስመር ከፈለችው። የራሷን ግማሽ እንደ መስታወት አድርጋ ጠረገች፤ መጥረጊያውን መስመሩ ላይ አጋደመችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ጠዋት ቲቸር ስትገባ ግራው ንጹሕ ነው። ቀኙ የእርሳስ ቅርፊት፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ ካልሲ።

"ወላቃዬ፣ ይሄኛውስ?"

"የሱ ነው" አለች ወላቃ ወደ ወረቀቱ እያሳየች።

ተከታዮቹ ተረኞችም የክፍሉን ግራ ጠረጉ፣ ቀኙን ዘለሉት። የሰው ተራ መሥራት ክልክል ነዋ። የጉማሬው ግማሽ በየቀኑ እያበጠ ሄደ። ዝንብ መጣ። በቀኝ በኩል የሚቀመጡ ልጆች ካልሲው ላይ እንዳይቆሙ በወንበር እየዘለሉ መግባት ለመዱ፤ አንድ እንቅልፋም ልጅ ብቻ እዚያው ቆሻሻው መሐል ዴስኩ ላይ ተደፍቶ ይተኛል፣ ለሱ ዓለም ሁሉ አንድ ነው። አንድ ቀን ቲቸር በእረፍት ሰዓት በሩን ዘግታ፣ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አስራ ልትጠርገው ጎንበስ ስትል በመስኮት አንድ ረድፍ ግንባር ብቅ አለ።

"ቲቸር፣ ያንቺ ተራ ነው እንዴ?"

"አይ... መሬት የወደቀ ነገር እያነሳሁ ነው።"

"እናንሳልሽ?"

መጥረጊያውን አስቀመጠች። ምን ታድርግ፣ ሕጉን ራሷ ናት በእጅ ያስወጣችው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ሳለ አጎቷ በኮሪደሩ እየተጣደፈ መጣና "ነገ ትመጣለች" አላት። ሱፐርቫይዘሯ። ቲቸር ዓይኗ ላይ የመጣው ያ የልብስ ክምር ነው። እየሮጠች ተከትላው ቢሮው ገባች።

"ጋሼ፣ መጽሐፉን ዛሬ ክፍል ውስጥ አሳድርልኝ። ልጆቹ ጉማሬውን ይፈልጉታል።"

"ለምን?"

"ተራው ደርሶ አልጠረገም።"

አጎቷ መዳፉን ግንባሯ ላይ አሳረፈ። "ሚጣዬ፣ ምሳ በልተሻል?"

"በልቻለሁ።"

"መጽሐፉ ነገ ንጹሕ ሆኖ መታየት አለበት። እዚሁ ያድራል" አለና ክራባቱን ዳበስ አደረገ።

ባዶ እጇን ስትመለስ ልጆቹ እየጠበቋት ነው። "አልመጣም?" አለች ወላቃ።

"ርዕሰ መምህሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል" አለች ቲቸር፣ ሳታስበው። ምነው ምላሷን በዋጠችው።

"ተደብቋል ማለት ነው" አለች ወላቃ።

ጠበቃ ቀስ ብሎ ተነሳ። "ተደብቆ ነው ወይስ ታስሮ? የተደበቀ ሰው ቁልፉን ራሱ ነው የሚይዘው። ቁልፉን ሌላ ሰው ከያዘው ታስሯል። ታዲያ ማን ፈረደበት? እኛ ሳንሰማ?"

ማጉረምረሙ ተነሳ። ግማሹ ጉማሬው ሰነፍ ነው ይላል፣ ግማሹ ተበድሏል ይላል። ቲቸር ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሯ መጣች። ቲቸር አፍንጫዋ የሾለ፣ ቁመቷ የረዘመ ሴትዮ ነበር በሐሳቧ የሳለችው። የመጣችው ግን አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጫማዋ የማይሰማ ሴት ናት። ስትገባ ማንም አላያትም። ቲቸር ከሰሌዳው ዞር ስትል ሴትዮዋ ከኋላ በቀኝ በኩል፣ በጉማሬው ግማሽ ቁጭ ብላ የብርቱካን ልጣጭ ከጫማዋ ሥር እያላቀቀች ነው።

"እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?" ብላ አጠገቧ ያለውን ልጅ ጠየቀችው።

"የጉማሬው ነው።"

"የማን?"

"የጉማሬው። ተራው ነበር፣ አልጠረገም።"

"ለምን?"

"እሱን ነው ዛሬ የምናየው" አላት ልጁ፣ ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ እየለቀቀላት።

ይሄኔ አጎት መጽሐፉን በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ፈገግታውን ከቤቱ ይዞት የመጣ ይመስል ገባ። "እንግዲህ ልጆች፣ ዛሬ ለእንግዳችን..."

"ቲቸር" አለች ወላቃ ብድግ ብላ፣ "ተከሳሹ መጣ።"

"ማነው ተከሳሹ?" አለ አጎት፣ ፈገግታው ሳይወርድ።

"የያዙት ነው ጋሼ። እዚህ ጋ ያስቀምጡልን።"

ቲቸር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። አጎት መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ወላቃ ከሰሰች፤ ብቻዋን እንደጠበቀች፣ ብቻዋን እንደጠረገች፣ መስመሩንም ራሷ እንዳሰመረች ተናገረች። "እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም" አለች። "አጣማጅ አለሽ ከተባልኩ አጣማጅ ይኑረኝ። ሁሉም ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ እየሳቀ ነው የሚጠርገው።" ቲቸር እስከዛሬ ነገሩ የቆሻሻ ጉዳይ መስሏት ነበር። ያቺ ልጅ ብቻዋን መጥረጊያ ይዛ በሩን እያየች ስትጠብቅ ዓይኗ ላይ መጣባት።

ቀጥሎ ጠበቃ ወደ አጎት ዞረ።

"ጋሼ፣ ደንበኛዬ የት ነበር?"

"ደንበኛህ... መጽሐፉ? ቁም ሳጥን ውስጥ።"

"ተቆልፎ?"

"ለጥንቃቄ ነው።"

"ተቆልፎበት እንዴት አድርጎ ይጥረግ?"

አጎት ወደ ሱፐርቫይዘሯ አየ። ሱፐርቫይዘሯ አገጯን በእጇ ደግፋ "እውነትም እንዴት ይጥረግ?" አለች።

"እሱ እኮ... ሥዕል ነው።"

"ሥዕል ከሆነ ታዲያ ለምን ቆለፉበት?" አለች ወላቃ። "ያመልጣል ብለው ነው?"

አጎት ክራባቱን ላላ አደረገ። የቁልፉ ገመድ ብቅ ብሎ ታየ። ልጆቹ ያችን ገመድ ሲያዩ እንደ ንብ መንጋ እምም አሉ።

እጅ ማውጣት ሆነ። ጥፋቱ የጉማሬው ነው የሚሉ አወጡ። ጥፋቱ የቆለፈበት ሰው ነው የሚሉ አወጡ። ቢቆጠር ቢቆጠር እኩል ነው። እንቅልፋሙ ልጅ እንደተለመደው ተደፍቷል፤ ቢቀሰቅሱት "የት ደረስን?" ብሎ መልሶ ተኛ።

"ቲቸር ቀርታለች" አለ ጠበቃ።

ሁሉም ዓይን ወደሷ ዞረ። የአጎቷም። የአጎቷ ዓይን ግን ብቻውን አልመጣም፤ ያ የልብስ ክምር፣ ያ ምላጭ፣ ያ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ክር አብሮት መጣ። ጉማሬው ነው ብትል በቃ አለቀ፤ ጉማሬ አይከፋውም፣ ጉማሬ ከሥራ አያባርርም። ግን ያ ቆሻሻ እዚያው ሊቀመጥ ነው፣ ወላቃም ብቻዋን ልትቀር ነው። ቲቸር ወደ መጽሐፉ አየች። ጉማሬው በአንድ ዓይኑ ያያታል፣ ምንም የማያውቅ ንጹሕ ፍጡር።

እጇን አወጣች። ክንዷ የራሷ ያልሆነ ይመስል ቀስ እያለ ወጣ።

"የቆለፈበት ሰው ነው" አለች።

ጠበቃ መጥረጊያውን አነሳና ለአጎት አቀበለ፣ በሁለት እጁ፣ በአክብሮት።

"እኔ? እኔ እኮ የዚህ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ።"

"እሱ ሥራዎት ነው ጋሼ" አለ ጠበቃ። "ይሄ ተራዎት ነው።"

አጎት ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሱፐርቫይዘሯ ዞረ፣ አንድ የሚያድን ቃል ፍለጋ። እሷም ሁለት እግሯን ከመሬት ከፍ አደረገችና "ላንሳልዎት?" አለችው።

ጠረገ። ቡናማ ሱፉን እንደለበሰ፣ መጥረጊያዋ አጭር ስለሆነች እንደ ታጠፈ ቢላ ሆኖ ጠረገ። ወላቃ ከጎኑ ሌላ መጥረጊያ ይዛ ሄደች፤ ሕጉ ስለማይፈቅድ የሱን ግማሽ አልነካችም፣ ባዶውን የራሷን ግማሽ ነው ለወጉ የምትጠርገው። "ከዴስኩ ሥርም ጋሼ። ጥግ ጥጉን አይርሱ። እንዲህ ነው፣ አቧራውን ወደራስዎ አይሳቡት።" ትንሽ ቆይቶ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረችው። ምን እንዳለችው አይታወቅም፤ አጎት ግን ሳያስበው ሳቀ፣ እሷም ጥርስ በሌለው ድዷ ሳቀች። ሁለት ሁለት ሆኖ እየሳቁ መጥረግ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ሱፐርቫይዘሯ ብድግ አለች። "ጎበዞች። አሁን ደግሞ እኔ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የዚህን መጽሐፍ ሙሉውን ቢሮ አይቼዋለሁ። መጨረሻው ላይ ጉማሬው ራሱ ይነሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሁሉም ይሻገራሉ።"

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ማን እጅ አውጥቶበት ነው?" አለች ወላቃ።

"እጅ አልወጣበትም። ደራሲው ነው የጻፈው።"

"ብቻውን?"

"ብቻውን" አለች ሱፐርቫይዘሯ፣ ትንሽ አፍራ።

በእጅ ይታይ ተባለ። ለእውነተኛው መጨረሻ ሱፐርቫይዘሯ ራሷ እጇን አወጣች። ብቻዋን መቅረቷ አሳዝኖት ጠበቃም አወጣላት። የተቀረው ሁሉ አላወጣም። ተሸነፈች። "የተሸነፈ ያከብራል" አለቻት ወላቃ በደግነት። "አከብራለሁ" አለች ሴትዮዋ፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ኮሪደር ላይ አጎት ደረሰባት፤ ሱፉ አቧራ፣ ፀጉሩ ላይ የእርሳስ ቅርፊት። ቲቸር ከኋላ አንገቷን ደፍታለች።

"ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ልጅት ገና ናት። ዛሬውኑ ወደ እናቷ ትመለሳለች።" ከዚያ ወደ ቲቸር ዞሮ ዝቅ ባለ ድምፅ "ዕቃሽን ሰብስቢ" አላት።

በሩ ላይ የተደረደሩት ጆሮዎች ተንጫጩ። ወላቃ ወጣች። ግድግዳው ላይ የነበረውን የተረኞች ወረቀት ገንጥላ ይዛዋለች።

"ቲቸር መሄድ አትችልም።"

"ማን ነው ያለው?" አለ አጎት።

"ሕጉ ነዋ። ተራውን ሳይጨርስ ከዚህ ክፍል የሚለቅ የለም። እሷ ደግሞ ገና ናት፣ ከሁሉም መጨረሻ ናት" ብላ ጣቷን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፈች።

ሱፐርቫይዘሯ መነጽሯን አውጥታ ግርጌውን አነበበች። የወደደችው ይሁን የጠላችው ከፊቷ ምንም አይነበብም። "የክፍሉ ሕግ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ" አለች። "ተራዋን እስክትጨርስ ትቆይ።"

"ከዚያስ?" አለ አጎት።

"ስትጨርስ ጨረሰች ነዋ።" ጫማዋ ሳይሰማ ሄደች።

ያ ካለፈ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። ተራ በመጣ ቁጥር የወላቃ አጣማጅ አጎት ነው። በአጭሯ መጥረጊያ ወገቡ ስለተሰበረ ከቤቱ ባለ ረጅም እጀታ መጥረጊያ አምጥቷል፤ ማንም እንዳይነካበት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይቆልፍበታል። መጥረጊያው ቦታውን ስለያዘው መጽሐፉ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ላይ ይውላል። ልጆቹ ሙሉ በሙሉ ከፍተው ያዩታል። ጀርባው አልተሰበረም።

የቲቸርም ተራ ደረሰ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ቀስ ብላ፣ አንድም ሳይቀራት ጠረገች፣ ግራውንም ቀኙንም። ከበሩ ጀርባ ያለችው ጥግ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንድ የእርሳስ ቅርፊትና ትንሽ አቧራ። አየቻቸው፣ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

ወላቃ ዴስክ ላይ ቁጭ ብላ ስታያት ነበር። "ቲቸር፣ ያችን ረሳሻት።"

"አልረሳኋትም።"

ወላቃ ጥጓን አየች። ቲቸርን አየች። ብዙ አሰበች። ከዚያ ከዴስኩ ወርዳ ጠመኔ አነሳችና ጥጓን ዙሪያዋን አሰመረችባት።

"እንግዲህ ይቺን ማንም አይነካትም" አለች። "የሰው ተራ ነው።"

አጎት በዚያ ሲያልፍ ሁልጊዜ አንገቱን በበሩ ያስገባል። "አንቺ ልጅ፣ አሁንም አልጨረስሽም?"

"ነገ እጨርሳለሁ ጋሼ" ትለዋለች። እሱም ያጉረመርምና ይሄዳል። የጠመኔው መስመር ሲደበዝዝ ወላቃ መልሳ ታደምቀዋለች።